አሥራ ስምንት ጥንድ ጫማ

ሰናይት እባላለሁ። የምነግራችሁ ነገር ሲጀመርም ሲያልቅም አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከዚያ በፊት የነበረችውን ሰናይት ካላወቃችኋት ግን ታሪኩ በደንብ አይገባችሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እሷ ትንሽ ልበላችሁ።

መቶ አለቃ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ምልምል ወታደሮችን አሠልጥኛለሁ። በገመድ ወንዝ መሻገር፣ በደረት መሳብ፣ ቋጠሮ ማሰር፣ የቆሰለ ሰው ማውጣት፤ እነዚህ ሁሉ የእኔ ትምህርቶች ነበሩ። ድምፄ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። ምልምሎቹ በሌለሁበት «ማይክራፎን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር በወረቀት ላይ ከሰፈረና በደንብ ከተለማመዱት አይበላሽም ብዬ አምን ነበር። ያልተሳካ ነገር ካለ ጥፋቱ ያልታዘዘው ሰው ነው።

እናቴ ስትታመምብኝ በክብር ተሰናብቼ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ብዙም ሳልቆይ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል ሲወርዱ በሚገኝ አንድ ሕንፃ የጥበቃ ኃላፊ ሆንኩ። ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅና መጋዘን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ፎቅ ቢሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሕፃናት ማቆያ። ማቆያውን ላይ ያደረጉት ሰፊ ቴራስ ስላለው ነው፤ ልጆቹ እዚያ ይጫወታሉ። እናቶቻቸው አብዛኞቹ እዚያው ሕንፃ ወይም እዚያው አካባቢ የሚሠሩ ናቸው።

ከሥሬ ስምንት ጥበቃዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሃምሳ አለቃ ግዛው ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፣ ቀጭን ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። በማዕረግ እበልጣቸዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እሳቸው «መቶ አለቃ» ይሉኛል፣ እኔ «ሃምሳ አለቃ» እላቸዋለሁ፤ ሁለታችንም እርስዎ ነው የምንባባለው። ጠዋት ጠዋት ሕንፃውን ከምድር ቤት እስከ ቴራስ ሳይዞሩ ሥራ አይጀምሩም። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ጡረታ የወጣ ሰው አመል ነው ብዬ ትቼው ነበር።

በገባሁ በሁለተኛው ወር የእሳት አደጋ ዕቅድ አወጣሁ። ምን ልበላችሁ፣ በጣም ያምር ነበር! በቀለም የተለየ፣ በደቂቃ የተከፋፈለ። ሁሉም ሰው በዋናው ደረጃ ይወርዳል፤ ልጆቹ ረጅም ገመድ ይዘው በሰልፍ ይወርዳሉ፤ ግቢው ፊት ለፊት ስም ይጠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥበቃዎቹን ይዤ ሁለት ጊዜ ተለማመድን፤ አራት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ከሕንፃው ጀርባ የነበረው የብረት ደረጃ መንገዱ ሲሰፋ ተነሥቶ ስለነበር፣ አዲሱም ገና ስላልተተከለ፣ በዕቅዴ ውስጥ አላስገባሁትም።

ለጥበቃዎቹ ሳስረዳ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አወጡ።

«መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ዕቅድ ደረጃው ሰላም እንደሆነ ነው የሚያስበው።»

«እንዴት ማለት?»

«ደረጃው ሥር የፍራሹ ነጋዴ መጋዘን አለ። ስፖንጅና ካርቶን ነው እስከ ጣሪያው የሞላው። እሱ ቢያያዝ ደረጃው ጭስ ማውጫ ነው የሚሆነው።»

«እና ምን ይሁን ይላሉ?»

«ቴራሱን ባየነው ጥሩ ነበር። ጎናችን የሚሠራው ሕንፃ የሦስተኛ ፎቁን ኮንክሪት ሞልቷል፤ ከኛ ቴራስ ጋር እኩል ነው። መሃሉ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር አስቀድመን ብንነጋገር…»

ሳቅኩባቸው። አሁንም ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል። «ሃምሳ አለቃ፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ነው እንዴ ዕቅድ የማወጣው?» አልኳቸው። ሌሎቹም ሳቁ። እሳቸው «እሺ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አልሞላም።

የሥራ ቀን ነው፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሜ ከአንድ ሹፌር ጋር ስለ መኪና ማቆሚያ እየተከራከርኩ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሰው «እሳት! እሳት!» እያለ ወጣ። ምን እንዳስነሣው በኋላ ነው የሰማነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ተያይዞ ነው። ያኔ ያየሁት በበሩ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ጭስ ብቻ ነው።

ዕቅዴ በራሱ መሄድ ጀመረ። አንዱ ጥበቃ እሳት አደጋ ደወለ፣ ሁለቱ ቢሮዎቹን አንኳኩ፣ የቢሮ ሰዎች እየሮጡ ወረዱ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንደኛውና ሁለተኛው ፎቅ ባዶ ሆነ። ይኸው፣ ይሠራል፣ አልኩ በልቤ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወደ ልጆቹ ወጣሁ።

የማቆያዋ ኃላፊ ረምላ ትባላለች፤ የተረጋጋች ሴት ናት። ልጆቹን አሰልፋ ገመዱን አስይዛቸው ነበር። ሁለት ረዳቶቿ ትንንሾቹን ታቅፈዋል።

«ውረዱ!» አልኩ በማሠልጠኛው ድምፄ። «ተከተሉኝ!»

በሩ ላይ ሃምሳ አለቃ ቆመዋል። ከኋላዬ ወጥተው ኖሯል፤ ያለከልካሉ።

«መቶ አለቃ፣ አይውረዱ። ደረጃው ተዘግቷል።»

«አሁን በሱ ነው የወጣሁት!»

«እርስዎ ሲወጡ ጭሱ ከኋላዎ ነበር። አሁን ደርሷል። ልጅ አያልፍበትም።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ከበሩ ዞር ይበሉ።»

ዞር አሉ። ትእዛዝ ነዋ።

ግማሽ ፎቅ ያህል ወረድን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጭሱ እንደ ግድግዳ ተቀበለን። ከፊት የነበረችው ልጅ አንድ ጊዜ ተነፈሰችና አየሩ ደረቷ ውስጥ ተቆለፈ፤ አፏን ከፍታ ድምፅ አይወጣትም። አንሥቼ ያዝኳት። ዓይኔ አያይም። ከኋላዬ ልጆቹ እየተገፋፉ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ጭው አለብኝ፤ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። ምንም አልተጻፈም።

«ወደ ላይ!» የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔ ልሁን ረምላ ትሁን እስካሁን አላውቅም።

ተመለስን። ሃምሳ አለቃ በሩን ከኋላችን ዘጉ፣ ጃኬታቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ከበሩ ሥር ወተፉ። አንዲት ቃል አልወቀሱኝም። «ቴራሱ ተዘጋጅቷል» ብቻ ነው ያሉት።

ለካ እኔ ስወርድ እሳቸው ቴራስ ላይ ወጥተው ሠራተኞቹን ጠርተዋል። ማዶ ባለው ያላለቀ ፎቅ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሞራሌ የሚሉትን ወፍራም እንጨት ወደኛ እያስተላለፉ፣ በላዩ ሁለት ጣውላ እየደረቡ ነው። ፎርማኑ «በሉ ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። ወደ ታች አየሁ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ሥሩ የተከመረ ብረትና ድንጋይ።

ይህን አውቀዋለሁ፣ አልኩ። ወንዝ ነው። ውሃ የሌለው ወንዝ።

እጄ ሥራውን አገኘ። አሸዋ የሚስቡበትን ገመድ ወረወሩልኝ፤ አንዱን ጫፍ የቴራሱ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን እነሱ ምሰሶ ላይ አሰርን፤ በደረት ልክ መያዣ ይሆናል። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት። በሥልጠናችን መጀመሪያ የሚሻገረው ጠንካራው ነው፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ስለዚህ ትልቁን ልጅ መረጥኩ፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ ደፋር ነው።

«ገመዱን ያዝ፣ ወደ ታች አትይ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ!»

ሦስት እርምጃ ሄደና መሃል ላይ ቆመ።  «እማዬ!» አለ። «ቀጥል!» ብዬ ጮኽኩ። ባሰበት። ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ ከማዶ አንዲት ሴት ጣውላው ላይ ወጣች። የቀን ሠራተኛ ናት፤ ፊቷ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል፣ በእግሯ ፕላስቲክ ጫማ። ቤቷ በረንዳ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ልጁ ጋ ደርሳ ቁጢጥ አለች፣ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር አለችው፣ ከዚያ አቅፋ አሻገረችው። ተመልሳ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እንዲህ አይሆንም እትዬ» አለችኝ። «ልጅ በጀርባ ነው። ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ከሆነ ገደሉን አያይም። ነጠላ አምጡ።»

«ጣውላው ሁለት ሰው ይችላል?»

«ቀኑን ሙሉ በባሬላ ሲሚንቶ ስንሸከምበት አይደል የምንውለው? ልጅ ከሲሚንቶ ይከብዳል?»

ዘነበች ትባላለች፤ ስሟን በኋላ ነው የጠየቅኩት። ረምላ ሻርፗን አወለቀች፣ ረዳቶቿ ነጠላቸውን ሰጡ፣ ከማዶም ሁለት ሴቶች መጡ። ሦስቱ ሴቶች እያዘሉ ማሻገር ጀመሩ። የእኔ ሥራ ነጠላውን ማጥበቅና ተራ ማስያዝ ሆነ። የሥልጠናው መጽሐፍ «አንድ በአንድ» ይላል፤ እነሱ አንዷ ማዶ ስትወርድ ሌላዋ ትነሣለች። በእኔ መንገድ ቢሆን አሁንም እዚያ ነበርን። ልጆቹ ጀርባ ላይ ሲሆኑ ዝም አሉ። አንዷማ አውራ ጣቷን እየጠባች ተሻገረች።

በመጨረሻ ረምላና ረዳቶቿም ተሻገሩ። ረምላ ማዶ ሆና ዝርዝሩን ጠራች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ነው።

«አሥራ ሰባት!» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም አሉ!»

 «ሃምሳ አለቃ፣ በሉ ይሻገሩ» አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። የቴራሱ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ እያዩ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ጭሱ ከጣሪያው ወርዶ ወገብ ደርሷል።

«መቶ አለቃ፣ አንድ ልጅ ይጎድላል።»

«ዝርዝሩ አሥራ ሰባት ነው፣ አሥራ ሰባት ተሻግሯል!»

«ወረቀቱ አሥራ ሰባት ይላል። ጫማው ግን አሥራ ስምንት ነው።»

ልጆቹ ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲሻገሩም በካልሲ ነበር የተሻገሩት። መደርደሪያው በቴራሱ በር አጠገብ ነው።

«ጠዋት ስዞር አሥራ ሰባት ጥንድ ነበር የቆጠርኩት» አሉኝ። «አሁን ጃኬቴን ልነክር ስገባ አየሁት፣ አሥራ ስምንት ነው። ሮዝ፣ ትንሽዬ። ጦር ሜዳ ሳለን ንጋት ላይ ሰው የጎደለብኝን የማውቀው የድንኳን ደጃፍ ጫማ ቆጥሬ ነው፤ ስም ሲጠራ ጓደኛው ‹አቤት› ይልለታል፣ ጫማ ግን አይዋሽም።»

ወደ ማዶ ጮኽኩ፤ «ረምላ! ከረፈደ የመጣ ልጅ አለ?»

አንደኛዋ ረዳት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሶልያና! የሁለተኛ ፎቋ ሐና ልጅ! ታክሲ አጥታ ዘግይታ አምጥታት… ልጆች ሽንት ቤት እየወሰድኩ ተቀበልኳት፣ አልተመዘገበችም። ተኝታ ስለነበር የመኝታ ክፍል አስተኛኋት… ወይኔ!»

ሦስት ዓመቷ ነው።

«እኔ እገባለሁ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አይሆንም። የእርስዎ ሳንባ አይችልም። ቤቱን ግን ያውቁታል። ይንገሩኝ።»

ተያየን። አልተከራከሩም። የተረፈውን ገመድ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፣ ጫፉን በእጃቸው ጠመጠሙ። «አንዴ ከጎተቱ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ እስብዎታለሁ» አሉ። እርጥብ ሻርፕ አፌ ላይ አሰርኩና በደረቴ ተኛሁ።

ሜዳ ላይ ስናስተምር በደረት መሳብ ማለት ዓይን ወደ ፊት፣ ክርን ቀድሞ ነው። እዚያ ውስጥ ዓይን የለም። ጆሮ ብቻ። የሃምሳ አለቃ ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል፤ ያ የማይሰማ የነበረ ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ያልተጣደፈ።

«በግራ እጅዎ ግድግዳውን ይያዙ፣ አይልቀቁት። … ትንሽ ጠረጴዛ ያገኛሉ፤ በሥሩ ይለፉ። … ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያው ነው። እሱን እንዳለፉ በር አለ፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።»

ጠረጴዛው ነበር። መታጠቢያው ነበር። በሩ ነበር። አንዴ ጎተትኩ። በሩን ገፋሁ፤ ውስጡ ጭሱ ትንሽ ሳሳ ያለ ነው። ፍራሾቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ባዶ። አራተኛው ሞቅ ይላል፣ ሰው ግን የለበትም። ተነሥታለች።

«ሶልያና!» ብዬ ጮኽኩ። «ሶልያና! የት ነሽ!»

ምንም።

ገመዱ ተወጠረ። ድምፃቸው መጣ፤ «መቶ አለቃ! አይጩሁባት! ልጅ ሲፈራ ይደበቃል። እንደ እናቷ ያናግሯት!»

እመኑኝ፣ ከዚያ ጭስ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ድምፄን ዝቅ ማድረግ አላውቅበትም ነበር። ጉንጬን ወለሉ ላይ አጣበቅኩ፣ ሻርፑን ከአፌ አነሣሁና እናቴን ማታ ማታ በማናግርበት ድምፅ «ሶሊዬ… እናቷ…» አልኩ። «ነቃሽ እንዴ? ማሚ ታች እየጠበቀችሽ ነው እኮ። እኔ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። የት ነው ያለሽው የኔ ቆንጆ?»

ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ሳል።

ከተጠቀለሉት ትርፍ ፍራሾች ጀርባ ገብታ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ነበር። እጄ እግሯን ሲነካ አልጮኸችም፤ ጣቴን ያዘችኝ። ሥሬ አስገባኋትና ገመዱን ሁለቴ ጎተትኩ። የስድሳ ዓመት ሰው ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም። መታጠቢያው ጭንቅላቴን መታኝ፣ ጠረጴዛው ትከሻዬን ላጠኝ፣ ከዚያ ብርሃን ሆነ።

ዘነበች ቴራሱ ላይ ነጠላዋን ዘርግታ ቆማለች። ልጅቷን አዘለች፣ ተሻገረች። እኔ በአራት እግሬ እየሳልኩ «ሃምሳ አለቃ፣ ይቅደሙ፤ አዛዥ መጨረሻ ነው» አልኩ።

«ዛሬ ገመዱ በእኔ እጅ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «ይሂዱ ልጄ።»

«ልጄ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሄድኩ። እሳቸውም ተከተሉኝ።

እኛ በማዶው ሕንፃ ደረጃ ስንወርድ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ደርሰው ውሃ እየረጩ ነበር። ሐና የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ልጆቹ ሁሉ ወጥተዋል ሲባል ሰምታ የራሷን ልጅ በዓይኗ እየፈለገች ነው። ሶልያናን ስታይ የሆነችውን መጻፍ አልችልም። ልጅቷ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ ኦክስጅን ተሰጣት፣ ዳነች። ማንም አልሞተም።

በሳምንቱ የሕንፃው ባለቤት ሰብስቦን በሁሉም ፊት አመሰገነኝ። የምስክር ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። ተነሥቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሃምሳ አለቃ አስቀድመው እንደነገሩኝ፣ እንደሳቅኩባቸው፣ «አይውረዱ» እያሉኝ ልጆቹን ጭስ ውስጥ እንዳስገባሁ፤ አንድ በአንድ።  ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ደፉ፤ ያፈሩት እሳቸው ነበሩ የሚመስለው። ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸው።

«ለምን አልወቀሱኝም?»

«በምን?» አሉኝ። «እኔም በወጣትነቴ በወረቀት የማምን ሰው ነበርኩ። ቋጠሮውን ያሰሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሥልጠናዎማ ጥሩ ነው። ቦታውን ብቻ ይጠይቁት።»

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምጀምረው በእግሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሃምሳ አለቃ ጋር እንዞራለን። የጽዳት ሠራተኞቹን፣ ሊስትሮውን፣ የጎረቤት ፎርማኖችን ሳልጠይቅ ዕቅድ አላወጣም። ባምቢስ አካባቢ ያሉ ሌሎች ሕንፃዎች ጥበቃዎቻቸውን እንዳሠለጥንላቸው ሲጠሩኝም መጀመሪያ የምላቸው «ወረቀቱን አስቀምጡትና ሕንፃውን አሳዩኝ» ነው። ድምፄም ወርዷል። እናቴ «ምነው ታመምሽ እንዴ?» ብላኛለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የምትሠሩበት ቤት ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገር ሰው ካለ፣ እባካችሁ አስጨርሱት። እኔ ሳላስጨርሳቸው አሥራ ስምንት ልጆች ሊያልቁ ነበር። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

ዘነበችን ለማመስገን ስሄድ የነሱ ቡድን በዚያ ሕንፃ የነበረውን ሥራ ጨርሶ ሄዷል። ብዙ ጠይቄ ከአራት ወር በኋላ ደምበል አካባቢ አንድ ግንባታ ላይ አገኘኋት። ከሶልያና እናት ጋር ነበር የሄድነው። ሐና ገና ስታያት አቅፋት አለቀሰች፤ ልብሷ በሙሉ በሲሚንቶ ነጣ። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ነው።

ዘነበች ግራ ገብቷት ሁለታችንንም አየች። ከዚያ ወደ ሐና ዞራ «ያቺ የመጨረሻዋ ያንቺ ናት?» አለቻት። «ስሻገር አንገቴን አንቃ ይዛኝ ነበር። ሳሉ ለቀቃት?»

«ለቀቃት» አለች ሐና። «ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፣ አላስቀምጥ ብላኛለች።»

«ተመስገን!» አለች ዘነበች፣ ፊቷ በሙሉ በራ። «ትጩህ፣ ትሩጥ። እኔኮ ከዚያን ቀን ጀምሮ የማስበው ስለ ሳሏ ነበር።»